በማሰሮ ስለሚተከለው የሸፍሌራ ተክል አያያዝና አቈራረጥ
ለባላገር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ነገር ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። በማሰሮ ተተክሎ በመስኮት አጠገብ ስለሚቀመጥ አንድ ተክል ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዱ፥ «ጎተራ የሚሞላውን እህል ትቶ የማይበላ ቅጠል ስለ ምን ያነሣብናል?» ይል ይሆናል። እኔም በወጣትነቴ እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ይህ የማይበላ ቅጠል በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ የማልረሳውን ነገር ስላስተማረኝ፥ ስለ አያያዙና ስለ አቈራረጡ ከመናገሬ በፊት በራሴ የደረሰውን ስሕተት ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

በአንድ የባላገር ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርሁ ጊዜ፥ ከከተማ የመጣ ወዳጄ አንድ የሸፍሌራ ችግኝ ሰጠኝ። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣት፥ ወይም እንደ ትንሽ ጥላ ሆኖ እጅግ ያማረ ነበር። እኔም ከእርሻ ላይ ጥቍር መረሬ አፈር አስመጥቼ፥ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተከልሁትና በክፍሉ መስኮት አኖርሁት። ለተማሪዎቹም ተራ አወጣሁላቸው፤ በየቀኑ አንድ ልጅ አንድ ጣሳ ውሃ እንዲያጠጣ አዘዝሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። በዚያ ሳምንት ተራው የነበረውን ልጅ ጠርቼ፥ «ውሃ አላጠጣህም» አልሁት። እርሱም አጠጥቻለሁ ብሎ ማለ። እኔ ግን አላመንሁትም፤ በጓደኞቹ ፊት ሰደብሁት፥ ቀጣሁትም፥ ከተራውም አወጣሁት።

በማግስቱ የልጁ አያት መጡ። ለጠብ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሰላምታ ሰጥተው ተክሉን እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ቆርቆሮውን አንሥተው አፈሩን አሸተቱት፤ ከዚያም ፈቃዴን ጠይቀው ተክሉን ከነአፈሩ ገለበጡት። ሥሩ ጠቍሮ፥ እንደ በሰበሰ ሽንኵርት ለስልሶ፥ ይሸት ነበር። ሽማግሌውም፥ «መምህር፥ ተክልዎ ውሃ አልጠማውም፤ ውሃ አስጥሞት ነው እንጂ። ቆርቆሮው ቀዳዳ የለውም፤ ልጆቹም አንድ ቀን አላጓደሉም» አሉኝ። ስለ ልጅ ልጃቸው ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም በማግስቱ ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ ልጁንም በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ ሳይሆን፥ ከዚያች ቀን ጀምሮ እየጠየቅሁና እየሞከርሁ ያወቅሁትን ጭምር ነው።

ስለ ተክሉ ስምና አገር

አንድን ተክል በደንብ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አገሩን ይጠይቅ። ሸፍሌራ የሚለውን ስም ያወጡለት ዮሐን ራይንሆልድ ፎርስተርና ልጁ ጌኦርግ ፎርስተር የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት ናቸው። እነዚህ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1772 እስከ 1775 ከካፒቴን ኩክ ጋር በባሕር ሲጓዙ፥ በኒው ዚላንድ ያገኙትን ዛፍ ሼፍለር በሚባል እጽዋት አዋቂ ስም ጠሩት። በቤት ውስጥ በብዛት የሚተከለው ግን የኒው ዚላንዱ አይደለም። አንደኛው ትንሹ፥ ሸፍሌራ አርቦሪኮላ የሚባለው፥ አገሩ ታይዋንና የቻይናው ሃይናን ደሴት ነው። ሁለተኛው ትልቁ፥ ሸፍሌራ አክቲኖፊላ የሚባለው፥ ከሰሜን አውስትራሊያና ከኒው ጊኒ የመጣ ነው። ሊቃውንት በ2017 የአፍሪካዎቹን አስትሮፓናክስ፥ በ2020 የእስያዎቹን ሄፕታፕሉሩም በሚል ወገን ለይተው ቢጽፏቸውም፥ በአትክልተኛና በገበያ ዘንድ የቀድሞው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

«አርቦሪኮላ» በላቲን ቋንቋ «በዛፍ ላይ የሚኖር» ማለት ነው። ይህን ቃል ልብ አድርጉት፤ የአያያዙ ምሥጢር ሁሉ በእርሱ ውስጥ አለና። ይህ ተክል በትውልድ አገሩ አንዳንድ ጊዜ በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል። በዚያም ዝናብ ሲዘንብ ሥሩን አርሶ ወዲያው ይወርዳል፤ ነፋስም ሥሩን ያገኘዋል። ስለዚህ ውሃን ይወዳል፥ የቆመ ውሃን ግን አይችልም። ሥርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ ሁልጊዜ በውሃ የተሞላ እንደ ሆነ አየር ያጣል፥ ይበሰብሳል። ሥሩ ከበሰበሰ በኋላ ተክሉ በውሃ መካከል ሳለ መጠጣት አይችልም፤ ቅጠሉም የጠማው መስሎ ይጠወልጋል። እኔ ያን ልጅ የበደልሁት ይህን ባለማወቄ ነው።

የዚህም ተክል ዘመድ በአገራችን መኖሩን ስነግራችሁ ደስ ይለኛል። እርሱም ጌተም የሚባለው ዛፍ ነው። በከፋ፥ በሸካና በባሌ ደኖች የሚገኝ ትልቅ ዛፍ ሲሆን፥ ቅጠሉ እንደ ሸፍሌራው እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ነው። እርሱም እንደ ዘመዱ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ባላ ላይ ነው፤ ከዚያ ሥሩን ወደ ምድር ይሰድዳል፥ በመጨረሻም ራሱን ችሎ ይቆማል። ንቦች ከአበባው የሚሠሩት ማር ነጭ ስለ ሆነ በገበያ የተከበረ ነው። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች ያላችሁ መምህራን በማሰሮ ያለውን ተክል ለልጆቹ ስታሳዩ፥ «አጎቱ በጫካችሁ ውስጥ አለ» ብላችሁ ብታስተምሩ ትምህርቱ ወዲያው በልባቸው ይገባል።

ስለ ማሰሮውና ስለ አፈሩ

ማሰሮው የሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሸክላ እርጥበቱን በጐኑ ያስተነፍሳልና። የተሰነጠቀ እንስራ ወይም ጋን ግማሹ ተቈርጦ ሊያገለግል ይችላል። ቆርቆሮ ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ በታቹ አራት ወይም አምስት ቦታ በምስማር ይበሳ። ከማሰሮው ወለል ሙሉ ቀዳዳ ሳይኖር ተክል መትከል፥ በር በሌለው ቤት ሰው እንደ መዝጋት ነው።

አፈሩ የእርሻ መረሬ ብቻ መሆን የለበትም፤ መረሬ ሲርስ እንደ ጭቃ ይጣበቃል፥ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። አንድ እጅ ከዛፍ ሥር የተገኘ ለም አፈር፥ አንድ እጅ ፈጽሞ የበሰበሰ ፍግ፥ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ተደባልቆ ቢሞላ መልካም ነው። ትኵስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። ሁለት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ሥሩ በቀዳዳው ብቅ ማለት ሲጀምር፥ ጥቂት ወደሚሰፋ ማሰሮ ይዛወር።

ስለ ውሃ

የውሃው መጠን በቀን ቍጥር አይወሰንም። የእኔ ስሕተት ተራ ማውጣቴ ሳይሆን፥ አፈሩን ሳይጠይቁ በየቀኑ እንዲያጠጡ ማዘዜ ነው። እንግዲህ ልጁ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ በአፈሩ ውስጥ ያግባ። እርጥብ ሆኖ ካገኘው ይተወው። ደረቅ ከሆነ ግን ውሃው በታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ቀስ አድርጎ ያጠጣ፤ በሰሐኑ ላይ የቀረውንም ይድፋ። በቆላ አገርና በበጋ ወራት ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፤ በደጋና በክረምት ግን አንዳንድ ጊዜ ከሳምንት በላይ ይቈያል። የተማሪው ተራ የማጠጣት ተራ ሳይሆን የመመርመር ተራ ይሁን። «ዛሬ መረመርሁ፥ እርጥብ ነው፥ አላጠጣሁም» ብሎ በመዝገብ የጻፈ ልጅ፥ ካጠጣው ልጅ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል።

ስለ ብርሃንና ስለ ብርድ

ሸፍሌራ ብዙ ብርሃን ይወዳል፤ የቀትር ፀሐይ ግን በድንገት ቢያገኘው ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የጧት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ይስማማዋል። ብርሃን ሲያንሰው ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል፥ ወደ መስኮቱም ያጋድላል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ማሰሮውን ጥቂት ማዞር ይገባል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ሴንቲግሬድ ሲሆን ይስማማዋል፤ ከ10 በታች ሲወርድ ይጐዳል። በደጋ አገር ውርጭ በሚወርድባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች፥ ይልቁንም መስኮቱ መስታወት የሌለው ከሆነ፥ ወደ ክፍሉ ውስጥ አግብቶ ማሳደር ነው። በበጋ አቧራ ቅጠሉን ሲሸፍነው ብርሃን ስለሚከለክለው፥ በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱንም ፊቱን መጥረግ ያስፈልጋል።

ሲጠርግም ልጁ የቅጠሉን ጀርባ ይመልከት። በቅጠሉ ላይ የሚጣበቅ ነገር ከተገኘና ጕንዳን ከተሰበሰበበት፥ እንደ ቅርፊት ተለጥፈው ጭማቂውን የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት አሉበት ማለት ነው። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ከታየም፥ በደረቅ ወራት የሚመጣ እጅግ ትንሽ ተባይ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ቅጠሉንና ግንዱን ማጠብ፥ ጥቂት ቈይቶም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው፤ ይህንንም በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ያህል መድገም ይገባል።

ስለ መቍረጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ብዙ ሰው ተክሉን የሚወድ ስለ ሆነ ለመቍረጥ ይፈራል። ተክሉም እንደ ምሰሶ እየረዘመ፥ ታቹ እየተራቈተ፥ ከጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ይዞ ይቀራል። በመጨረሻም በነፋስ ይሰበራል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

መቍረጥ ለምን ያበዛዋል? ለዚህ ምክንያቱን ለማወቅ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። በ1928 ፍሪትስ ቬንት የሚባል የሆላንድ ሊቅ፥ ከተክል ጫፍ ወደ ታች የሚወርድና ተክሉን የሚያሳድግ ነገር መኖሩን በፈተና አሳየ፤ ይህም ነገር ኦክሲን ተባለ። በ1933 ደግሞ ቲማንና ስኩግ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ የባቄላን ጫፍ ቈርጠው በጐኑ ተኝተው የነበሩት እንቡጦች ሲነቁ አዩ። በተቈረጠው ቦታ ኦክሲን ቢያኖሩበት ግን እንቡጦቹ እንደ ተኙ ቀሩ። እንግዲህ ጫፉ እንደ አለቃ ሆኖ ከበታቹ ያሉትን «ቈዩ» ይላቸዋል ማለት ነው። በ2014 የወጣ ምርመራም በአተር ላይ፥ ጫፉ ሲቈረጥ እርሱ ይወስደው የነበረው ስኳር ወደ ጐን እንቡጦች ስለሚደርስ ቶሎ እንደሚነቁ አመለከተ።

የአገር ሽማግሎች ይህን ነገር ያለ ሊቃውንት መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። ያረጀ ቡና ሲጐነደል ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ባሕር ዛፍም ሲቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ነገር ግን የሐበሻ ጥድ ከሥሩ ከተቈረጠ እንደዚያ አያቈጠቍጥም። ስለዚህ መቍረጥ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሚቈርጥ ሰው የሚቈርጠውን ይወቅ።

ሸፍሌራን ስንቈርጥ እንደሚከተለው እናድርግ።

አንደኛ፤ ጊዜውን እንምረጥ። ብርዱ ካለፈ በኋላ፥ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ተክሉ ለማደግ ስለሚነሣ ቍስሉ ቶሎ ይድናል። የታመመ ወይም ሥሩ የበሰበሰ ተክል ግን ኀይሉ እስኪመለስ ድረስ ለቅርጽ ተብሎ አይቈረጥ።

ሁለተኛ፤ መቍረጫው የተሳለና ንጹሕ ይሁን። ዱልዱም ቢላዋ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። ከመቍረጥ በፊት በአልኮል ይጠረግ፤ አልኮል ባይገኝ በፈላ ውሃ ይታጠብ።

ሦስተኛ፤ አስቀድሞ የደረቀውንና የታመመውን፥ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ እናውጣ። ከዚህ በኋላ ጥቂት ራቅ ብሎ ቅርጹን መመልከት ነው። በመጨረሻ ከመጠን ያለፈ ረጅሙን ጫፍ እንቍረጥ።

አራተኛ፤ ቦታው ቅጠሉ ከግንዱ ከወጣበት አንጓ በላይ፥ ግማሽ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሁን። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከአንጓው ነውና። ከአንጓው እጅግ ርቆ ቢቈረጥ የቀረው ጉቶ ይደርቃል።

አምስተኛ፤ በአንድ ጊዜ ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ እንቍረጥ። ተክል ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ስለ ሆነ፥ ቅጠሉን አብዝቶ ማራገፍ ማስራብ ነው። የቀረውን ለሚመጣው ዓመት መተው ይሻላል።

ስድስተኛ፤ ከተቈረጠ በኋላ ቅጠሉ ስላነሰ የሚጠጣውም ውሃ ያንሳል። ስለዚህ ከቀድሞው ይልቅ በጣት እየመረመርን በጥንቃቄ እናጠጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከቍስሉ በታች አረንጓዴ እንቡጥ ብቅ ይላል።

ሰባተኛ፤ ጭማቂው ቆዳን ያሳክካል፤ ቅጠሉም ቢበላ አፍንና ጕሮሮን ያቃጥላል። በቅጠሉ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉና። ስለዚህ ቈራጩ እጁን በጨርቅ ይሸፍን፥ ከሥራው በኋላም በሳሙና ይታጠብ፤ ሕፃናትና እንስሳት ቅጠሉን እንዳይበሉ ማሰሮው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ።

የተቈረጠውም አይጣል። ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለውን ጤነኛ ጫፍ ወስዶ የታችኛውን ቅጠል ማንሣት፥ በእርጥብ አሸዋ መትከልና በጥላ ማኖር ነው። በጥቂት ሳምንታት ሥር ይሰድዳል። እንዲህም ከአንድ ተክል የወጣው ቍራጭ ለሌላው ክፍል፥ ለጎረቤትም ትምህርት ቤት ይደርሳል። እኔ ያን የመጀመሪያውን ተክል ያዳንሁት በዚህ መንገድ ነው። ሥሩ በስብሶ ስለ ነበር ማትረፍ አልተቻለም፤ ነገር ግን ሽማግሌው ገና ያልጠወለገውን ጫፉን ቈርጠው በአሸዋ ተከሉት። የሚመረምረውም ያ ልጅ እንዲሆን እኔ ለመንሁት። ጸደቀም።

ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ፈተና

ሸፍሌራ ያልተገኘ እንደ ሆነ ትምህርቱ አይቅር። በሁለት የተበሱ ቆርቆሮዎች ባቄላ ይዝሩ። አራት ወይም አምስት ቅጠል ባወጣ ጊዜ የአንዱን ጫፍ ይቍረጡ፥ ሌላውን ይተዉት። በየሁለት ቀኑ የሁለቱን ቁመትና የጐን ቀንበጣቸውን ቍጥር በመዝገብ ይጻፉ። ሁለት ሳምንት ያህል ሲያልፍ ልዩነቱን ከመምህሩ አፍ ሳይሰሙ በዓይናቸው ያዩታል። በዚያ ቀን አንድ ገበሬ ወይም ቡና ተካይ ሽማግሌ ወደ ክፍሉ ተጠርቶ የሚያውቀውን ቢናገር፥ ልጆቹ የአባታቸው እውቀትና የመጽሐፉ እውቀት አንድ ምንጭ እንዳላቸው ያስተውላሉ።

ወዳጆቼ ሆይ፤

ብዙ ጊዜ «ልጅ እንደ ተክል ነው» ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን ይህን ምሳሌ በጥንቃቄ እንድትይዙት እለምናችኋለሁ። ተክል መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ አፈሩን እንድንነካ፥ ሥሩን እንድናይ ያስፈልጋል። ልጅ ግን ይናገራል። ያ ልጅ «አጠጥቻለሁ» ብሎ እውነቱን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ቢጫውን ቅጠል አምኜ ልጁን ሳላምን ቀረሁ። እንግዲህ ቅጠሉ ሲረግፍ ለቍጣ አትቸኵሉ። አስቀድሞ ቀዳዳው መኖሩን ተመልከቱ፥ ጣታችሁንም በአፈሩ አግቡ፥ ልጁንም ስሙ፥ ሽማግሌውንም ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የሚቈረጠው ነገር ካለ፥ በተሳለ መቍረጫ፥ በጊዜው፥ በልክ ቍረጡ።